«በወንጀል ላይ ለስላሳ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካ ምርጫ በቀረበ የሬዲዮ ዜና «ተፎካካሪያቸው በወንጀል ላይ ለስላሳ ናቸው ሲሉ ከሰሱ» ሲባል ሰማሁ። አብረውኝ ቡና ይጠጡ የነበሩት አጎቴ «ምነው፣ ለስላሳነት ነውር ሆነ እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በአማርኛ እንዴት ይባላል? (አንድ አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አጎትዎ ጆሯቸው ደህና ነው። ሐረጉ የእንግሊዝኛው «soft on crime» ቀጥታ ትርጉም ነው፤ በወንጀለኞች ላይ አይጠብቁም የሚል ወቀሳ ነው። ለስላሳ ጋቢ፣ ለስላሳ ዜማ፣ ለስላሳ አንደበት ስንል እያመሰገንን ነው። ፒያሳ ካፌ ገብተው «ለስላሳ» ቢሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይመጣልዎታል። ሰውየው ሊወቀስ ታስቦ ተሞገሰ።

አማርኛ ሕግን የሚያመሳስለው ከገመድ ጋር ነው። ንጋት ላይ ደሴ መናኸሪያ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ረዳቱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣና ማዳበሪያ ሲያስር፣ ሾፌሩ ከታች አንጋጦ «ላልቷል፣ አጥብቀው!» ይላል። ቁጥጥርም ሕግም እንዲሁ ይላላል፣ ይጠብቃል። «ሕጉ ይጠብቃል» የሚለውን እስቲ ይመልከቱት። «ብ» ላልቶ ሲነበብ ሕጉ ጥብቅ ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ሕጉ ሰውን ከአደጋ ይከላከላል። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም። የምርጫ መፈክር ጸሐፊ ብሆን ይህችን ቃል አልለቃትም ነበር።

ስለዚህ «ላላ ያለ አቋም አላቸው» ማለት ይቻላል። ችግሩ «soft» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ነገር በአንድ ከረጢት መያዙ ነው፤ አማርኛ ግን ከረጢቱን ያስፈታል። ሰውየው ቸልተኛ ነው? ሩኅሩኅ ነው? ወይስ ወንጀለኛን እሹሩሩ ይላል?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1988ቱን የአሜሪካ ምርጫ እንውሰድ። የማሳቹሴትስ ግዛት ገዥ የነበሩት ማይክል ዱካኪስ የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ተወዳዳሪ ናቸው። በግዛታቸው ለእስረኞች የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ፈቃድ የተጀመረው በ1972 በሌላ ገዥ ዘመን ነው፤ ያውም በሪፐብሊካን። ሆኖም ለከባድ ነፍሰ ገዳዮች ፈቃዱን የሚከለክል ሕግ በ1976 ሲቀርብላቸው ዱካኪስ አልፈርምም አሉ። ኋላ አንድ የዕድሜ ልክ እስረኛ በፈቃድ ወጥቶ ቀረ፤ በ1987 ሜሪላንድ ውስጥ ከባድ ወንጀል ፈጸመ። የተፎካካሪያቸው የጆርጅ ቡሽ (የአባትየው) ወገን ይህን ይዞ ዘመተ። እዚህ ላይ «ላላ» ይስማማል፤ ገመዱን እርሳቸው ባይፈቱትም አላጠበቁትም። በክርክሩ መድረክ ግን «ሚስትዎ ተደፍረው ቢገደሉ ገዳዩ በሞት እንዲቀጣ ይፈልጋሉ?» ተብለው «አልፈልግም» ሲሉ፣ ያ ዕድሜ ልካቸውን የያዙት አቋም ነበር። ይህን «ላሉ» ማለት ስንፍና ነው። ቡሽ 40 ግዛቶችን አሸነፉ።

«ለዘብተኛ»ስ? በፖለቲካችን «አክራሪ» ለሚባለው ተቃራኒ ስለሆነ እርሱም ወደ ሙገሳ ያደላል። በወሎ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች በሁለት ቤተሰብ መካከል ገብተው ደም ሲያደርቁ «ለገዳይ ለሰለሱ» የሚላቸው የለም። ማስታረቅ ሌላ፣ ማላላት ሌላ።

«ከሰሱ» የሚለውም አልጣመኝም። በዜና የተለመደ ቢሆንም አድማጭ ፍርድ ቤት የተሄደ ይመስለዋል። እኔ ዜናውን ባነብ «ተፎካካሪያቸው ወንጀለኞችን እሹሩሩ ይላሉ ሲሉ ወቀሱ» እል ነበር። አጎትዎ ይህን ሰምተው ዳግመኛ ከጠየቁ ይጻፉልኝ።