ገናን በየትኛው ቤት እንዋል?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ትዳር ከያዝን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ሴት ልጃችን ዘንድሮ ሰባት ዓመቷን ይዛለች፤ ወንዱ ሦስት ዓመቱ ነው። ከተጋባን ጀምሮ የገና ዕለት ገና ሳይነጋ ተነሥተን ደብረ ብርሃን የባለቤቴ እናት ዘንድ እንሄዳለን፤ በማግስቱ ተመልሰን ኮልፌ እናቴ ቤት እንገባለን። ልጆቹ በዓሉን የሚያሳልፉት መኪና ውስጥ ተኝተው ነው። ልጄ «ዘንድሮ እጾማለሁ» ስላለች ጾሟን በገዛ ቤቷ ብትፈታ፣ እኛም ሰው ብንጠራ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ግን «እማዬ ብቻዋን ነች፣ ታዝናለች» ይላል። እናቴ ደግሞ «ለእኔ ሁልጊዜ የተረፈው ቀን ነው» ማለት ጀምራለች። በዚያ ላይ በራሴ ቤት የበዓል ዶሮ ሠርቼ አላውቅም። ማንን ላስቀይም?
(ከሰሚት)

መልስ

ልጄ፣ ማንንም አታስቀይሚም። አስቀድመሽ ግን የቀን መቁጠሪያውን አውጪ። የ2019 ገና ታኅሣሥ 29 ሐሙስ ይውላል። ማግስቱ ዓርብ ነው። ገናና ጥምቀት ራሳቸው ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላል፤ በማግስታቸው የሚመጣ ዓርብ ግን እንደ ወትሮው ይጾማል። ባለፈው ዓመት ገና ረቡዕ ስለዋለ ሐሙስ እናትሽ ቤት ዶሮ በልታችኋል። ዘንድሮ በለመዳችሁት መንገድ ብትሄዱ ግን እናትሽ በሽሮ ሊቀበሏችሁ ነው። ከወዲሁ «የተረፈው ቀን» እያሉ ያሉ እናት ያን ዕለት ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። የድሮው አካሄዳችሁ ዘንድሮ በራሱ ጊዜ ፈርሷል፤ አዲስ ሐሳብ ለማንሣት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አታገኚም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሐሙስ ሰሚት፣ በቤታችሁ። እናትሽ ረቡዕ በጊዜ ይምጡና አንቺ ዘንድ ይደሩ። ቅዳሜ ጥር 1 ጠዋት አራታችሁም ደብረ ብርሃን ወጥታችሁ፣ እዚያው አድራችሁ፣ እሑድ ከሰዓት ተመለሱ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በገና ሌሊት በጨለማ ከሚነዳው ቅዳሜ በብርሃን ቢነዳው ይሻላል፤ ይህን የምልሽ ስለ ልጆቹ ነፍስ ስለምሰጋ ነው። እስካሁን አማትሽ ስትመጡ ደክማችሁ፣ ስትሄዱ ቸኩላችሁ ነው የሚያዩዋችሁ። ቅዳሜ ብትሄዱ ግን ማንም ሌላ ቤት የማይጠብቀው ሙሉ ሌሊት ያገኛሉ።

«ለምን እሳቸውን ወደ አዲስ አበባ አታመጫቸውም?» የሚልሽ አይጠፋም። ጋብዢያቸው፣ መጋበዙ ክብር ነው፤ ግን አትጎትቻቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለች ሴት በዓመት በዓል ቤቷን ቆልፋ መሄድ አትወድም። ቅርጫ አብረዋቸው የሚገቡ ጎረቤቶች አሏቸው። ሌሊት ነጠላቸውን ተከናንበው አብረዋቸው የሚያስቀድሱ፣ ከዚያም ቡና የሚጠራሯቸው አሉ። የዚያን ቀን ደጃቸው ተዘግቶ ቢታይ «ምን ሆኑ?» ይባላል።

እኔም አማት ነኝ፤ የዳርኳቸው ልጆች አሉኝ። እናት በበዓል ልጆቿ ሲለዩዋት ከሁሉ የሚከብዳት «ለማን ልሥራ?» የሚለው ሐሳብ ነው። በርበሬው ተደልዞ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ጌሾው ተወቅጦ የሚበላና የሚጠጣው ሰው ሲጠፋ ያን ጊዜ ነው ቤቱ የሚጨልመው። የሚመጣ ሰው እንዳለ ካወቀች ግን በዓሉ ለእሷ እስኪመጡ ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ አማትሽን ሥራ አታሳጫቸው። ለሐሙስ ድስትሽ የሚሆነውን በርበሬና ቅቤ ከእሳቸው ጠይቂ። ባለቤትሽም ለእናቱ ቅርጫ ማዋጣቱን እንዳያቋርጥ፤ የእሳቸው መደብ እንደ ሌላው ዓመት ቤታቸው ይግባ። ቅዳሜ ስትደርሱ የሐሙሱ ጥሬ ያልፋችኋል፣ ጥብሱና ቅቅሉ ግን አያልፋችሁም። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሥጋው ሁለት ቀን ይቆያል ወይ ብሎ አይጨነቅም። ድፎ ዳቦውንም ለቅዳሜ እንዲደፉት ጠይቋቸው። ባርከው የሚቆርሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ከራስሽ ቤት ዶሮ ወጥ ቀንሰሽ ይዘሽባቸው እንዳትሄጂ። የእሳቸው ድስት ይጠብቃችኋል።

ይህን ለአማትሽ የምትነግሪያቸው አንቺ አይደለሽም። ባለቤትሽ ነው፤ ያውም ህዳር 15 ጾሙ ሳይገባ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ፣ ቡናቸውን ጠጥቶ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው በስልክ ልንገራት ካለ ዶሮው ተገዝቶ፣ ጠላው ተጠንስሶ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ቃል ቢሆን ያስቀይማል። «እሷ ነች ያለችው» የሚል ነገርም ከአፉ እንዳይወጣ። እንዲህ ቢላቸው ይበቃል፦ «እማዬ፣ ልጅቷ ዘንድሮ መጾም ጀምራለች፤ ሐሙስን ቤታችን እናስፈታትና ቅዳሜ ይዘናት መጥተን እናድራለን። በርበሬና ቅቤውን አንቺ ትሰጪናለሽ።» ዝም ቢሉት ዝምታቸውን ይቻለው፤ ለማባበል ብሎ «እንግዲያው ሐሙስም ብቅ እላለሁ» የሚል ቃል እንዳይገባ። ቃል ገብቶ ከሚቀር መጀመሪያውኑ ባይናገረው ይሻላል። የገና ጠዋት ደግሞ ከቅዳሴ እንደተመለሳችሁ፣ ማዕድ ሳይቀርብ፣ ደውሉላቸው። ስልኩን ልጆቹ ይያዙት፤ «እንኳን አደረሰዎት» ይበሏቸው፤ ምርቃታቸውን ተቀብላችሁ ብሉ።

ወደ ዶሮው እንምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሪ ከሆነ ቁሌቱን ረቡዕ ከቀትር በኋላ ጣጂ። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍ፤ ያለ ዘይት፣ በለዘብታ እሳት፣ ውኃውን እስኪጨርስና ቀለሙ እስኪቀየር ታገሺው። ወጡ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ይገባበትና ሌሊቱን ሙሉ ቢንተከተክም ጥሬ ጥሬ ይላል። ከዚያ ዘይቱንና በርበሬውን ጨምሪ፣ እንዳያርርብሽም ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውኃ አቅምሺው። እስከዚህ ድረስ ድስቱ ውስጥ ያለው የጾም ምግብ ስለሆነ ጾምሽን ከዋልሽ በኋላ ቅመሺው፤ ጨውና በርበሬውን ያን ጊዜ ጨርሺ። ቅቤና ዶሮ ከገባ በኋላ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ የሚቀምስልሽ የለም፤ የምትሠሪው በአፍንጫሽና በዓይንሽ ነው። ዶሮውን 12 ብልት ማውጣቱን እናትሽ ይያዙት፤ ልጅሽም አጠገባቸው ቁማ የእያንዳንዱን ብልት ስም ትስማ። በሎሚና በጨው ማጠቡ ያንቺ ይሁን፤ ውኃው ጥርት እስኪል አትተዪው። መከለሻው የሚገባው ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው።

ልጅሽ ጾሙን ሙሉውን ባትዘልቀው አትቆጫት፤ የቻለችው ይበቃታል። ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን ጉርሻ አያቷ ያጉርሷት፤ ጎረቤት ጠርተሽ ከሆነም ጎረቤቶቹ ይዩላት። ኮልፌ ያሉት እናትሽ በዚያች ጉርሻ «የተረፈው ቀን» ያሉትን ይረሱታል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንድሜ ያገባት ልጅ ቤተሰቦች ዲሴምበር 25 ሁላችንንም ይጠሩናል። እኛ ጾም ላይ ነን። መቅረት ነው ወይስ መሄድ?

መልስ

ሂዱ። የዘንድሮው ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ጾሙ ሊፈታ ገና 13 ቀን ይቀረዋል። ወንድምሽ አስቀድሞ ለአስተናጋጆቹ ይንገራቸው፣ እናንተም አንድ ትልቅ ትሪ የጾም በያይነቱ ለሁሉም በሚበቃ መጠን ይዛችሁ ግቡ። ለራሳችሁ ብቻ በትንሽ ዕቃ ቋጥራችሁ ብትሄዱ የተለያችሁ ትመስላላችሁ፤ ለሁሉም የሚበቃ ከሆነ ግን የማዕዱ ባለቤት ትሆናላችሁ። እናንተም በተራችሁ ጥሯቸው። ጃንዋሪ 7 ሐሙስ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ሥራ ልትውሉ ትችላላችሁ፤ ጾሙን በየቤታችሁ ፍቱና ሰፊውን ዘመድ ጃንዋሪ 9 ቅዳሜ ሰብስቡ። ዓርብን ዝለሉት፤ ምክንያቱን ከላይ ለሰሚቷ ልጄ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ

ለሚቀጥለው ዓመት ገና ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች አሉን፤ ትኬት ሊቆርጡ ነው። አንዱ 28 ነው ይላል፣ አንዱ 29። የትኛው ነው?

መልስ

የ2020 ገና ታኅሣሥ 28 ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ይሆናል። ጌታ ከተፀነሰበት መጋቢት 29 እስከ ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል፤ ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር ልደቱ በአንድ ቀን ቀደም ብሎ 28 ላይ ያርፋል። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገናን በ28 እናከብራለን። ለዘመዶቻችሁ ግን ይህን ሁሉ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም፤ በእነሱ አቆጣጠር በዚያም ዓመት ጃንዋሪ 7 ነውና ትኬቱን በእሱ ይቁረጡ። ቀኑ ዓርብ ይውላል፤ በዓሉ ገና ስለሆነ ይበላል። ማግስቱ ቅዳሜ በመሆኑም ሁለተኛውን ቤት በማግስቱ መጠየቅ ለለመዳችሁ ያ ዓመት ይመቻችኋል።