መጀመሪያ እጀታው፣ ሆዱ በኋላ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ወደ ላይ ስለሄደ ለሌሎቹም እንዲገባቸው ባጭሩ ልድገመው። ሰበታ ሆነህ ፊውዥን የሚባለውን የስሪዲ መሳያ ሶፍትዌር ራስህን በራስህ እየተማርክ ነው። ኩባያ ሰርተሃል። እጀታውን በስዊፕ (አንድን ቅርጽ በመስመር ላይ እየጎተተ አካል በሚሰራው ትዕዛዝ) ስታዞረው ጫፎቹ ግድግዳውን በስተው ኩባያው ውስጥ ብቅ ይላሉ። ስታሳጥራቸው ደግሞ በግራና በቀኝ ቀጭን ክፍተት ይቀራል። ታችኛው ኩርባ ላይ ይጨማደዳል፣ አንዳንዴም ስዊፑ ጭራሽ እምቢ ይላል። የተሰጡህን መልሶች አይቻቸዋለሁ። "ጫፉን በዓይንህ እየገመትክ ግፋው" ያለህን ሰው አትስማው። ዛሬ ይገጥምልሃል፤ ነገ ደንበኛው ኩባያውን ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ ሲልህ መልሶ ይፈርሳል።

እኔ የምሰራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ለሴራሚክ ሰሪዎች ሞዴል እንስላለን፣ በስሪዲ ፕሪንተር እናትማለን፣ ከዚያ ላይ የጀሶ ሞልድ (ጭቃ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ይወሰዳል። ካፌዎች የራሳቸውን ኩባያ ማሰራት ስለወደዱ ብዙውን ጊዜ የምንነታረከው ከእጀታ ጋር ነው። የቡና ሲኒ ቢያዙ እኮ እጀታ የለው፣ ጣጣ የለው።

ወደ ነገሩ ልግባ። ያስቸገረህ ስዊፑ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው። አንተ ኩባያውን ሰርተህ፣ ሆዱን ቦርቡረህ ጨርሰህ፣ ከዚያ 4 ሚሊ ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ እጀታ ልትለጥፍ ትታገላለህ። ገልብጠው። ኩባያውን መጀመሪያ ድፍን አድርገህ ስራ። እጀታውን ወደ ድፍኑ ውስጥ እንደልብህ አስገባው፣ 12 ሚሊም ይግባ 15 ሚሊም ግድ የለህም። ጆይን አድርገው፣ ከኩባያው ጋር አንድ አካል ይሁን። ሆዱን መጨረሻ ላይ ቁረጥ። ቆረጣው ወደ ውስጥ የገባውን የእጀታ ጫፍ አብሮ ጠርጎት ይሄዳል፣ የውስጠኛው ግድግዳም ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። በቃ፣ ግማሹ ችግርህ እዚህ ላይ አለቀ።

ክፍተቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። የስዊፕ ጫፍ ጠፍጣፋ ነው፣ የኩባያው ግድግዳ ግን ክብ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ክብ ላይ ስታስጠጋው መሃሉ ይነካል፣ ጎንና ጎኑ ግን አየር ላይ ይቀራል። የኩባያህ ዲያሜትር 80 ሚሊ፣ የእጀታህ ስፋት 16 ሚሊ ከሆነ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ክፍተት 0.8 ሚሊ ገደማ ነው። ስክሪን ላይ አይታይህም፣ ፕሪንተሩ ግን ያየዋል። ኩባያው እየጠበበ ሲሄድ ክፍተቱ ይብሳል፤ በ60 ሚሊ ኩባያ ላይ 1.1 ሚሊ ይደርሳል። ስለዚህ ጫፉ የግድ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳው ወፍራምና ቀጥ ያለ ከሆነ 2 ሚሊ ማስገባት ይበቃል። ግድግዳው ከሳሳ ወይም ኩባያው ወደ ታች ከጠበበ ግን ያ 2 ሚሊ አንዱ ጋ ይበሳል፣ አንዱ ጋ ይጎድላል። ድፍን ላይ ስትሰራ ይሄ ሁሉ ሂሳብ አያስፈልግህም።

ሆዱን ስትቆርጥ ሼልን እንዳትጠቀም። ሼል ሙሉውን አካል ነው የሚቦረቡረው፣ እጀታው ደግሞ አሁን የአካሉ ክፍል ሆኗል። 10 ሚሊ ውፍረት ያለውን እጀታ በ4 ሚሊ ሼል ብታደርገው መሃሉ ላይ 2 ሚሊ ቱቦ ሊያበጅልህ ይሞክራል፣ ካልሆነለትም ኤረር ይሰጥሃል። የውስጡን ቅርጽ ለብቻው ስኬች (ጠፍጣፋ ንድፍ) አድርገህ በሪቮልቭ፣ ማለትም በኩባያው መሃል ዙሪያ አሽከርክረህ፣ ቁረጠው። ሌላም ጥቅም አለው። የውስጡ ስኬች ለብቻው ስለሆነ መጠኑን እንደፈለግህ ትቀይረዋለህ። ለምሳሌ የውስጡ ሬዲየስ 36፣ ጥልቀቱ 90 ሚሊ ከሆነ እስከ አፉ ድረስ 366 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሰው ግን እስከ አፉ አይሞላም። 1 ሳንቲም ስታጎድል 326 ነው። ደንበኛው "350 ይያዝልኝ" ሲል የትኛውን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቀው፣ እዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አይተናል።

አሁን ወደ ኩርባው። እጀታን አሪፍ ወይም ቀሽም የሚያደርገው ይሄ መስመር ነው።

ኩባያውን በሰራህበት በዚያው ፕሌን (የመሳያ ገጽ) ላይ አዲስ ስኬች ክፈት። ቁመቱ 95 ሚሊ ነው እንበል። የላይኛውን ጫፍ ከአፉ 18 ሚሊ ዝቅ፣ የታችኛውን ከመቀመጫው 14 ሚሊ ከፍ አድርግ። ሁለቱም ድፍኑ ውስጥ 12 ሚሊ ያህል ገብተው ይጀምሩ። በእጀታውና በግድግዳው መካከል ለጣት 30 ሚሊ ተው። ከዚህ ካሳነስከው የወፍራም ሰው ጣት የጋለ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የእጀታው ውፍረት 10 ከሆነ መስመርህ ከኩባያው መሃል 75 ሚሊ ድረስ መውጣት አለበት ማለት ነው፣ 40 የኩባያው፣ 30 የጣት፣ 5 የእጀታው ግማሽ።

ስፕላይኑን፣ ማለትም በነጥቦች የሚመራውን የእጀታውን ኩርባ መስመር፣ ስትስል ነጥብ አታብዛ። በላክኸው ምስል ላይ ነጥቡ እንደ አሸን ፈልቷል። ነጥብ የበዛበት ስፕላይን ኮሮኮንች መንገድ ነው፤ ከሩቅ ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ስትሄድበት ግን ያንገጫግጭሃል። ኮንትሮል ፖይንት ስፕላይን ምረጥና በ6 ነጥብ ጨርሰው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች አግድም በአንድ መስመር ይሁኑ፣ የመጨረሻዎቹም ሁለት እንዲሁ። እንደዚህ ሲሆን እጀታው ከግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል። የቀሩት ሁለቱ ሆዱን ያወጡታል። አንድ ነገር ልብ በል፦ መስመሩ እነዚህን መካከለኛ ነጥቦች አይነካቸውም፣ ወደ እነሱ ይሳባል እንጂ። ስለዚህ 75 ሚሊ ያልኩህን ኩርባው ላይ ለካ፣ ነጥቡ ላይ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይሄ በጥቂት ነጥብ መጠምዘዝ አዲስ ነገር አይደለም። ፒየር ቤዚየ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለመኪና ገላ መሳያ ያዳበረው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ማርቲን ኒዌል ዩታ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በዚሁ ዘዴ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ በኮምፒውተር ሰራ። በግራፊክስ ትምህርት ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእሱ እጀታ በሙሉ 4 ቁራጭ ነው። አንተ ለአንድ ኩባያ ያን ሁሉ ነጥብ ምን አደረግህለት?

ከሳልክ በኋላ ስፕላይኑን በቀኝ ክሊክ ነካ አድርገህ የከርቬቸር ማሳያውን አብራው። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚወጡት መስመሮች ቀስ ብለው ረዝመው ቀስ ብለው ካጠሩ ጥሩ ነው። ድንገት ከዘለሉ ወይም ወደ ሌላኛው ወገን ከተገለበጡ እዚያ ቦታ ላይ እብጠት አለ። ሴራሚክ ተተኩሶ የሚያብረቀርቀው ሽፋን (ግሌዝ) ሲቀባ ብርሃን ያርፍበታል፣ ያኔ ያ እብጠት ከሩቅ ይታያል።

የታችኛው ኩርባ ላይ የሚጨማደድብህ ምክንያት ግልጽ ነው። 10 ሚሊ ውፍረት ያለው እጀታ ከመስመሩ ወደ ውስጥ 5 ሚሊ ይገባል። መስመሩ የሚጠመዘዝበት ሬዲየስ ከ5 ሚሊ ካነሰ ውስጠኛው ጎን ቦታ ያጣል፣ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ሶፍትዌሩም እምቢ ይላል። መፍትሄው ሁለት ነው፣ ወይ ኩርባውን አላላው ወይ እጀታውን አሳሳው። እኔ የመስመሩን ትንሹን ሬዲየስ ከውፍረቱ ግማሽ ሁለት እጥፍ (እዚህ 10 ሚሊ) በታች አላወርደውም። ለጣትም ይመቻል።

ፕሮፋይሉን (ስዊፑ የሚጎትተውን ቅርጽ) ፕሌን አሎንግ ፓዝ በሚለው ፕሌን አምጣና መስመሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጠው። በግምት የቆመ ፕሌን ላይ አትሳል። ኤሊፕስ ይሁን፣ ስፋቱ 16 ውፍረቱ 10፣ መሃሉ መስመሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ይበል። ስዊፑን ፐርፐንዲኩላር (ቅርጹ ለመስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ) አድርገው። ላይ ወፍሮ ታች የሚቀጥን እጀታ ከፈለግህ ሎፍት አለ፣ ሶስት ኤሊፕስ በመስመሩ ላይ ደርድረህ መስመሩን ሴንተርላይን ትሰጠዋለህ። ግን ስዊፑ አምሮልህ ሳታይ ሎፍት ውስጥ አትግባ።

ፊሌት (መጋጠሚያውን የሚያለዝበው ክብ ጠርዝ) መጨረሻ ላይ ነው። የላይኛውን መጋጠሚያና የታችኛውን ለየብቻ አድርጋቸው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። ላይ 5፣ ታች 4 ሚሊ ብዙ ጊዜ ያምራል። ከላይ በሰጠሁህ ልክ ከሄድክ የእጀታው ራስ ከአፉ 13 ሚሊ ዝቅ ስለሚል ለፊሌቱ በቂ ቦታ አለ። እጀታውን ወደ አፉ አስጠግታችሁ "ፊሌት አይሰራም" የምትሉ ሰዎች፣ ፊሌቱ የሚያርፍበት ቦታ አላገኘም ማለት ነው።

ኩባያው ከሌላ ሰው የመጣ፣ ተቦርቡሮ ያለቀ ከሆነስ? ያኔ እጀታውን በኒው ቦዲ ስራው፣ በስፕሊት ቦዲ የኩባያውን የውስጥ ግድግዳ ምላጭ አድርገህ ቁረጠው፣ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ቁራጮች ሪሙቭ በለው፣ ከዚያ ኮምባይን። ዲሊት አትበል፣ ታይምላይኑን (ስራህን በቅደም ተከተል የሚይዘውን ዝርዝር) ይረብሸዋል።

ለሴራሚክ የምትሰራ ከሆነ ደግሞ ይሄ ቅደም ተከተል ሁለተኛ ጥቅም አለው። ለጀሶ ሞልድ የሚያስፈልገው የውጭው ቅርጽ ብቻ ነው፣ የውስጡን ባዶ የሚያበጀው የሚፈሰው ጭቃ ራሱ ነው። ስለዚህ ታይምላይኑ ላይ ቆረጣውን ሰፕረስ ስታደርገው (ለጊዜው ስታጠፋው) ድፍኑ ከነእጀታው ለሞልድ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል። እጀታው ሳይጠማዘዝ በአንድ ፕሌን ላይ ስላለ ሞልዱ በመሃሉ ለሁለት ይከፈላል። ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚያጥር አትርሳ፣ 30 ሚሊ የተውከው የጣት ቦታም አብሮ ያጥራል። ሰሪውን 100 ሚሊ ምልክት ያለበት ቁራጭ ጭቃ ተኩሶ እንዲለካልህ ጠይቀው። 88 ከሆነ ሞዴሉን በሙሉ በ1.136 አሳድገው። መጠኖቹን ግን በተተኮሰው ልክ ሳል፣ ማሳደጉ የመጨረሻ ስራ ይሁን።

ሙሉ ኩባያ ከማተምህ በፊት እጀታውን ከትንሽ የግድግዳ ቁራጭ ጋር ብቻ አትመህ በእጅህ ያዘው። እኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ረጅም ህትመት መሃል ላይ ሲቋረጥ ያማል፣ ቁራጩ ግን ቶሎ ያልቃል። ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ ባተምከው ኩባያ ትኩስ ሻይ አትጠጣበት፣ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል።

ፍሪካድ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር የምትጠቀሙም ያው ነው፣ ሪቮሉሽን፣ አዲቲቭ ፓይፕ፣ መጨረሻ ላይ ግሩቭ። ሶሊድወርክስ ላይ የፕሮፋይሉን መሃል ከመስመሩ ጋር በፒርስ እሰሩት። የፊውዥን ነጻ ፈቃድ ለንግድ ስራ እንዳልሆነ እወቅ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ፋይል በላይ ማረምም አይፈቅድም። ደንበኛ መቀበል ካሰብክ ፍሪካድን ከአሁኑ ልመድ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ከወጣው 1.0 ጀምሮ ብዙ ተሻሽሏል፣ ኢንተርኔትም አይለምንህም።

አሁንም ካልሆነልህ ፋይሉን እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ። ስክሪንሾት ብቻ አትላክ። ኤፍስሪዲ በሚባለው የፊውዥን ፋይል አድርገህ ላከው፣ ታይምላይኑን እንዳየው። ስቴፕ የሚባለው ፋይል ቅርጹን ይይዛል እንጂ የተሰራበትን ቅደም ተከተል አያሳየኝም፣ ኤስቲኤል ደግሞ ሁሉንም ነገር ሶስት ማዕዘን አድርጎ ስለሚከታትፈው ኩርባህን ላስተካክልልህ ብልም አልችልም።