ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ መሬት ሲሰምጥ፦ ስለ ጂኦፊዚክስ ጥናት ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2020 ክሮኤሺያ ውስጥ ፔትሪኒያ ከተማ አጠገብ መጠኑ 6.4 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በሜቼንቻኒና በቦሮዬቪቺ መንደሮች ዙሪያ ወደ መቶ የሚጠጉ ጉድጓዶች ተከፈቱ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የተነሡት ይህን መነሻ አድርገው ነው፤ የሚያጠነጥኑትም በጂኦፊዚክስ፣ ማለትም የመሬትን ውስጥ ሳይቆፍሩ በመሣሪያ ለክቶ በማወቅ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱን የሠራው መንቀጥቀጡ ነው?

ባዶው ቦታ ቀድሞም ነበር። የኖራ ድንጋይ በውሃ እየሟሟ ለብዙ ዘመን ሲሰነጠቅና ሲቦረቦር ይኖራል። በላዩ የተኛው ሸክላ አፈር ደግሞ፣ ታችኛው ወገቡ እንደተቀደደ የእህል ጎተራ፣ በስንጥቁ ቀስ እያለ ይወርዳል። ላዩ ሣር ለብሶ ደኅና ይመስላል፤ ጣሪያው ግን እየሳሳ ነው። መንቀጥቀጡ ይህን ጣሪያ ያናጋዋል፤ የከርሰ ምድር ውሃውንም ግፊት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አንዳንዱ ጉድጓድ ከሳምንታት በኋላ የሚከፈተውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሞገድ ወደ መሬት የሚልክ ራዳር ከሌሎቹ የጥናት ዘዴዎች ሁሉ ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እርጥብ ሸክላ ባለበት አይደለም። ሸክላ የራዳሩን ሞገድ ስለሚውጠው ከአንድ ሁለት ሜትር በታች ማየት ያስቸግራል። በደረቅ አሸዋ ላይ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ የሚደረገውስ ጥናት እንዴት ነው?

የብረት ካስማዎች በመስመር ይተከላሉ፤ በሁለቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይላካል፣ በሌሎቹ ሁለት ቮልቴጅ ይለካል፤ ከዚያ ኮምፒውተር የመሬቱን ቁመታዊ ምስል ይሠራል። የሚታየው ጥልቀት ከመስመሩ ርዝመት አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ 20 ሜትር ወደ ታች ለማየት 100 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ቤቶች በተጠጋጉበት መንደር ይህን ማግኘት ከባድ ነው። የተቀበረ የብረት ቱቦም ልኬቱን ያዛባል።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪኩ ጥናት ምስል ላይ ቤታችን ሥር ሰማያዊ ቦታ ታየ፤ ዋሻ ነው ማለት ነው?

እባክዎ በቀለሙ ብቻ አይደንግጡ፤ አይጽናኑም። አየር የሞላው ባዶ ቦታ ፍሰትን አጥብቆ ይከለክላል። ያው ቦታ ውሃና ጭቃ ከሞላው ግን ፍሰትን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ከሸክላ አፈር ጋር ይመሳሰላል። በብዙ ምስሎች ላይ ሰማያዊው ዝቅተኛ ተቃውሞን፣ ማለትም ፍሰት በቀላሉ የሚያልፍበትን ቦታ፣ ስለሚያሳይ፣ እርጥብ አፈር ብቻም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሌላ ዘዴ ማመሳከር ግድ ነው፤ ለምሳሌ በመሬት ውስጥ በሚጓዝ የንዝረት ሞገድ፣ የላላ አፈር ሞገዱን ስለሚያዘገየው። ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ቦታ ላይ ከተስማሙ እዚያ ይቆፈራል። ሳይቆፈር «ዋሻ አለ» ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ካጋጠመዎት ማስረጃውን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ የስበት ልኬት ትንሽ ጉድጓድ ያገኛል?

እንደ ጥልቀቱ ነው። ሁለት ሜትር ራዲየስ ያለው ባዶ ክብ መሐሉ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን ስበትን በ17 ማይክሮጋል (እጅግ ጥቃቅን የስበት ለውጥ መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፤ ጥሩ መሣሪያ ይህን ይለያል። መሐሉ 10 ሜትር ላይ ቢሆን ግን ለውጡ ወደ 4 ይወርድና ከልኬቱ ስሕተት ጋር ይቀላቀላል። የመሣሪያው ከፍታ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት እንኳ 3 ማይክሮጋል ያህል ይዛባል። ቀያሹ ከስበት ለኪው እኩል መጠንቀቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጥናቱ ምንም አላገኘም። ቤተሰቤን ይዤ ልመለስ?

ጥናቱ የሚናገረው ስለተለካበት ቀን ብቻ ነው፤ አፈሩ ግን መውረዱን ሊቀጥል ይችላል። ሪፖርቱ ምን ያህል ስፋት ያለውን ባዶ ቦታ፣ እስከ ስንት ሜትር ድረስ መለየት እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ ያስጽፉ። ውሳኔውን ቤቱን ካየ መሐንዲስ ጋር ያድርጉ። ክብ ስንጥቅ፣ ድንገት የማይዘጋ በር ወይም የደፈረሰ የጉድጓድ ውሃ ካዩ ወዲያውኑ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱን በፍርስራሽና በቆሻሻ ብንሞላውስ?

በፍጹም። በኖራ ድንጋይ አገር ያ ጉድጓድ በቀጥታ ወደ ምንጩ ይወስዳል፤ ቆሻሻው መጠጥ ውሃ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ አፈሩ የሚሾልክበት ቀዳዳ በጥናት ይፈለግ፤ ከዚያ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ በላዩ አነስ ያለ፣ ከዚያ ጠጠርና አሸዋ ተደርጎ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ያልፋል፤ አፈሩ ግን ይያዛል።