በገመድ የወረደው ሽማግሌ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እኔ የሠራሁትን በራሱ ስም እያቀረበ ሁለት ዓመት ሆነው። አለቃችን ደግሞ እሱን ነው የሚያምነው። ጓደኞቼ «ፊት ለፊት ግጠመው» ይሉኛል። አንዱ ግን ሱን ዙ የሚባል የጥንት ቻይናዊ «ትልቁ ድል ሳይዋጉ ማሸነፍ ነው» ብሏል አለኝ። እውነቱን ልንገርዎትና ፈሪ ራሱን የሚያጽናናበት አባባል ነው የመሰለኝ። ፈሪ ለናቱ እንደሚባለው። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ተሳስተሃል ልጄ። ግን አይፈረድብህም። እኔም ታሪክ እያስተማርኩ ብዙ ዓመት እንዳንተው አስብ ነበር።

ሰውየው የሰላም ሰባኪ አልነበረም። በስሙ የሚታወቀው ጽሑፍ 13 ምዕራፍ ያለው የጦርነት መመሪያ ነው። ውጊያን የሚያስቀረው አንጀቱ ስለራራ አይደለም፣ ሒሳብ ስለሠራ ነው። 100 ሺህ ሰው ከዘመተ በቀን አንድ ሺህ ወርቅ ይበላል ይልሃል። ስለ ሰላዮች በጻፈበት የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በዚያው ዘመቻ የተነሳ 700 ሺህ ቤተሰብ እርሻውን ይፈታል ይላል። ከተማ መክበብን እንዴት እንደሚጠላው ብታይ! ጋሻውንና መሣሪያውን ለማሰናዳት ሦስት ወር፣ ከግንቡ ጥግ አፈር ለመቆለል ሌላ ሦስት ወር። በመሃል አዛዡ ትዕግሥቱ ያልቅና ወታደሩን እንደ ጉንዳን ግንቡ ላይ ይለቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ያልቃል፣ ከተማውም አልተያዘም።

ስለዚህ ደረጃ አወጣለት። መጀመሪያ የጠላትህን ዕቅድ ምታ። እሱ ካልሆነ ወዳጅነቱን ምታ። እሱም ካልሆነ ሠራዊቱን። ግንብ መውጣት ምንም ሲጠፋ ነው። ጓደኞችህ «ግጠመው» ሲሉህ ከአራተኛው ጀምር ማለታቸው ነው።

«ወዳጅነቱን ምታ» የሚለውን ለማስረዳት ተማሪዎቼን ሁሌ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ630 ነው። ጂንና ቺን የሚባሉ ሁለት ኃያል መንግሥታት ተባብረው ትንሿን ዤንግን ከበቧት። ዤንግ ሁለቱን የምትችልበት አቅም የላትም። መስፍኗ ዡ ዥዉ የሚባል ሽማግሌ ሄዶ እንዲያነጋግርለት ለመነው። ሽማግሌው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጎልማሳ ሳለሁ እንኳ ከሰው አንስ ነበር። አሁን አርጅቼ ምን እሠራለሁ?» አኮረፈ! ስንት ዓመት ዞር ብሎ ያየው የለማ። መስፍኑ ይቅርታ ጠየቀው። «ቀድሞ ሳልጠቀምብህ ዛሬ ሲጨንቀኝ መጣሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዤንግ ከጠፋች ግን አንተም አይቀርልህም።» ይህቺን ይቅርታ ልብ በላት። ከተማዋ የተረፈችው ከሷ ጀምሮ ይመስለኛል።

ሌሊት በገመድ ከግንቡ አወረዱት። ቀጥ ብሎ ወደ ቺን ሰፈር ሄደ። አላለቀሰም፣ አልለመነም፣ ስለ ፍትሕም አላወራም። የቺኑን መስፍን እንዲህ አለው፦ ዤንግ እንደምትጠፋ እናውቃለን። ግን በእርስዎና በእኛ መሃል ያለው ጂን ነው። መሬታችንን የሚወስደው እሱ ነው እንጂ እርስዎ የሰው አገር ተሻግረው አያስተዳድሩትም። ጎረቤትዎ በወፈረ ቁጥር እርስዎ ይከሳሉ። ከተዉን ግን መልእክተኞችዎ ወደ ምሥራቅ ሲያልፉ ስንቃቸውን እኛ እንችላለን። ደግሞም የቀድሞው የጂን መስፍን ከተሞች እሰጥዎታለሁ ብሎ ጠዋት ወንዙን ተሻገረና ማታውኑ ግንብ ገነባብዎት። ረሱት?

የቺኑ መስፍን ከዤንግ ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ጭራሽ ከተማዋን የሚጠብቁለት መኮንኖች ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጂንም ብቻውን ቀረና ነቅሎ ሄደ።

ይህ ሰው ፈሪ ነው? በሌሊት፣ በዚያ ዕድሜው፣ በገመድ ጠላት ሰፈር መውረድ!

አሁን ወዳንተ። ሽማግሌው የሚያናግረውን ሰው መርጧል። ሁለት ጠላት ነበረው፣ የሄደው ግን ጥቅሙ ወደሚጎዳው ዘንድ ነው። ያንተ ባልደረባ ጉልበቱ የአለቃው እምነት ነው። እሱን ትተህ አለቃህን አስብ። «ተበደልኩ» ብትለው ለሱ ራስ ምታት ብቻ ነህ። ሥራው ሲበላሽ ማን እንደሚያስተካክል አለማወቁ ግን የራሱ አደጋ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሥራህን ከማስረከብህ በፊት ሐሳቡን በአጭሩ ለአለቃህ ጽፈህ ላክ፤ አስተያየቱንም ጠይቀው። የባልደረባህ ዕቅድ የሚሠራው ሥራው የማን እንደሆነ ዘግይቶ ከታወቀ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ የዚህን ተቃራኒ አድርጌያለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ የበላዬ በሆነ ሰው ተናድጄ ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠዋት እጁ ላይ አኖርኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። አራት ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። ሱን ዙ አዛዥ በንዴት ውጊያ አይጀምር፣ ንዴት ነገ ደስታ ሊሆን ይችላል፣ የፈረሰ አገርና የሞተ ሰው ግን አይመለስም ይላል። ይህን ደብዳቤውን ከመስጠቴ በፊት ነበር ማንበብ የነበረብኝ።

ጥያቄ፦ ጠላትን ከከበብክ በኋላ መውጫ ተውለት የሚለው የሱን ዙ ምክር ግራ ገባኝ። የያዝከውን ለምን ትለቃለህ?

መልስ፦ መውጫ የሌለው ሰው እስከ ሞት ይታገላል። ቀዳዳ ያየ ሰው ግን ልቡ ቀድሞ ይሸሻል። በተቃራኒው ማየት ከፈለግህ ሃን ሺን የሚባለውን የጦር አዛዥ ተመልከት። እሱ በ204 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጂንግሺንግ ላይ የራሱን ወታደሮች ሆን ብሎ ጀርባቸውን ለወንዝ ሰጥቶ አሰለፋቸው። ጠላቶቹ ሳቁበት። መሸሻ ያጡት ወታደሮች ግን እንደ አበደ ሰው ተዋጉና አሸነፉ። እንግዲህ ጠላትህን እንዲህ አድርገህ ማሰለፍ ትፈልጋለህ?

ከላይ የጠየቀኝም ልጅ ይህን ይስማ። ባልደረባህን ሰው ፊት አታዋርደው። «የሚቀጥለውን በሁለታችን ስም እናቅርበው» በለው። ፊቱን ሳያጣ የሚወጣባት በር ናት።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ሱን ዙ በእርግጥ የኖረ ሰው ነው?

መልስ፦ ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል። ሱን ቢን ከሚባለው ሌላ የጦር ጸሐፊ ጋር አንድ ሰው ነው የሚሉም ነበሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. ግን ሻንዶንግ ውስጥ፣ ዪንቼሻን በሚባል ቦታ፣ ከጥንት መቃብር በቀርከሃ ላይ የተጻፉ መጻሕፍት ተገኙ። የሁለቱም ጽሑፍ ለየብቻው ነበረበት። ያ ክርክር እንኳ ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሦስቱ ወንድሞቼ በውርስ ሊካሰሱ ጫፍ ደርሰው ነበር። ሰባት ወር ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለስኩ አስማማኋቸው። አሁን «ድሮስ መቼ ተጣላን?» ይላሉ። ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም። ሞኝ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሱን ዙ ራሱ ጎበዝ አዛዥ ሲያሸንፍ በብልህነቱ ዝና፣ በጀግንነቱም ምስጋና አያገኝም ብሏል። ምክንያቱም ሰው የሚያየው አቧራ የለም።

ሞዚ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ጎንግሹ ባን የተባለ ብልህ ባለሙያ፣ ኃያሉ የቹ ንጉሥ ትንሿን ሶንግን የሚወርበት ረጅም መሰላል እንደሠራለት ሰማ። 10 ቀንና 10 ሌሊት በእግሩ ተጉዞ የቹ ዋና ከተማ ዪንግ ገባ። ንጉሡ ፊት መቀነቱን ፈትቶ መሬት ላይ ዘረጋና «ይህ የከተማው ግንብ ነው» አለ። ትንንሽ እንጨቶች መሣሪያ ሆኑ። ጎንግሹ ባን በዘጠኝ ዘዴ ዘጠኝ ጊዜ አጠቃ። ሞዚ ዘጠኙንም መለሰ። ጎንግሹ ባን ዘዴው አለቀበት፣ ሞዚ ገና ነበረው። ጎንግሹ ባን «እንዴት እንደማሸንፍህ አውቃለሁ፣ አልናገርም» ሲለው ሞዚ «ያሰብከውን እኔም አውቃለሁ፣ አልናገርም» አለ። ንጉሡ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። «እኔን መግደል ነው ያሰበው» አለ ሞዚ፣ «ግን 300 ተማሪዎቼ የመከላከያ መሣሪያዬን ይዘው አሁን ሶንግ ግንብ ላይ እየጠበቋችሁ ነው።» ንጉሡ ዘመቻውን ተወው።

ሞዚ ሲመለስ መንገዱ በሶንግ በኩል ነበር። ዝናብ ያዘው። በር ሥር ልጠለል ብሎ ሲጠጋ ዘበኛው አላስገባውም።