ልጄ ድንበር ላይ ተያዘ፤ በሽብር ሊከሰስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ የምኖር ገበሬ ነኝ። የ20 ዓመት ልጄ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሳይነግረኝ ወጣ። ደላላው በሸዋ ሮቢት አድርጎ፣ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ሊያሻግራቸው ነበር። ከዚያ የመንና ሳውዲ ነው ሐሳባቸው። መንገድ ላይ እንዳሉ አንድ ሰው ደውሎ «ብር ካልላክህ ልጅህ በረሃ ላይ ይቀራል» አለኝ። በጎቼን ሸጬ በማላውቀው ሰው ሂሳብ 35 ሺህ ብር አስገባሁ። አሁን ልጄ ድንበሩ አካባቢ በጸጥታ ኃይሎች መያዙን ሰማሁ። የሰፈር ሰው «በሽብር ነው የተያዘው፣ ብር የላከም ይጠየቃል» ይለኛል። ልጠይቀው እንዳልሄድ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ ይረጋጉ። የሰፈር ወሬና የሕግ አንቀጽ አይገናኙም። ድንበር ለመሻገር መሞከር በራሱ ሽብር አይደለም።

የሽብር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ነው። በዚህ አዋጅ ዋናው ነገር ሐሳብ ነው። ሰውየው የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማ ለማራመድ ብሎ፣ ሕዝብን ለማስፈራራት ወይም መንግሥትን ለማስገደድ አስቦ ሰው መጉዳቱ፣ ማገቱ ወይም ንብረት ማውደሙ መረጋገጥ አለበት። ይህን ማስረዳት ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። ሳውዲ ገብቶ ሠርቶ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ የተነሳ ልጅ ሐሳቡ እንጀራ ነው።

ልጅዎ ጨርሶ አይጠየቅም ማለቴ ግን አይደለም። የኢሚግሬሽን አዋጁ፣ ቁጥር 354/1995፣ ከአገር የሚወጣ ሰው የጉዞ ሰነድ ይዞ በተፈቀደ በር እንዲወጣ ያዛል። ይህን በመተላለፍ ሊጠየቅ ይችላል። እሱ ግን ከሽብር ጋር ሰማይና ምድር ነው።

«ታዲያ ለምንድን ነው ሽብር ሽብር የሚሉት?» ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ላይ ጥቃት ደረሰ። ከ17 ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1373ን አወጣ። አገሮች ሁሉ ድንበራቸውን አጥብቀው፣ የመታወቂያና የፓስፖርት አሰጣጣቸውን ተቆጣጥረው ሽብርተኛ እንዳይዘዋወር እንዲከላከሉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ድንበር ላይ የተያዘ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ቢታይ አይግረምዎት። የሚገርመው ሌላው ነው። ያኔ አውሮፕላን የጠለፉት 19 ሰዎች አሜሪካ የገቡት ቪዛ አስመትተው ነው። በረሃ በእግሩ ያቋረጠ አንድም አልነበረም።

የእኛ ልጆች ደግሞ የሽብርን በትር የቀመሱ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሊቢያ ውስጥ አይኤስ የተባለው ሽብርተኛ ቡድን ያረዳቸውንና በጥይት የገደላቸውን ኢትዮጵያውያን ማን ይረሳል? ስደት ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ኬላ ላይ መፈተሽ ተገቢ ነው እላለሁ። መንገደኛን ሁሉ በጅምላ መጠርጠር ግን ተገቢ አይደለም። ራሱ የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውሳኔ 2178 ፍተሻው በማስረጃ ላይ የተመሠረተ እንዲሆን፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ጅምላ ፍረጃ እንዳይሆን አሳስቧል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ እንቅልፍ የነሳዎ እሱ ይመስለኛል። ሽብርን በገንዘብ መርዳት በዋናነት የሚያስቀጣው ገንዘቡ ለሽብር እንደሚውል አውቆ ለሰጠ ሰው ነው። ለዚህም ራሱን የቻለ አዋጅ ወጥቷል። እርስዎ የከፈሉት ልጅዎን ለማዳን ነው። በዛቻ ገንዘብ የተወሰደብዎት ሰው ነዎት። ፖሊስ ሊጠራዎት ይችላል፤ ሲጠራዎት ይሂዱ፣ እንዳለ ይንገሩ። ሕገ ወጥ አሻጋሪዎችን የሚቀጣ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1178/2012። ሊፈራ የሚገባው ደላላውና ሂሳቡን ያከራየው ሰው ነው። (በነገራችን ላይ፣ «ሂሳብህን ለአንድ ቀን ስጠኝ፣ አንድ ሺህ ብር አለህ» የሚል ሰው ከመጣብዎ በሩን ዝጉበት።)

ባንክ ያስገቡበትን ወረቀት አይጣሉ። የደወሉልዎትን ቁጥርም ከስልክዎ አያጥፉ። አንድ ደንበኛዬ ደንግጦ ደላላው በኢሞ የላከለትን ዛቻ ሁሉ ሰርዞ መጣ። ያ ዛቻ እኮ የእሱ መከላከያ ነበር! ያለ እሱ ያ ብር ለምን እንደተላከ ለማስረዳት ወራት ፈጀብን።

ልጅዎን ለመጠየቅ ደግሞ አይፍሩ። የታሰረን ሰው የቅርብ ዘመዱ እንዲጎበኘው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ፈቅዷል። ስንቅና ጋቢ ማድረስ ሽብርተኛን መርዳት አይባልም። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው የጉዞ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ልጅዎ በረሃ ላይ ስለተያዘ ይህን ልብ ይበሉ። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ቢጠይቅ በመደበኛው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም።

ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ የተጠረጠረው በየትኛው አዋጅ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው?» መልሱን በወረቀት ላይ ያስጽፉ፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ይያዙ። 1176 የሚል ከሆነ ቀን ሳያልፍ ጠበቃ ያስፈልግዎታል። መክፈል ካልቻሉ ልጅዎ ዳኛው ፊት ሲቀርብ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይጠይቅ። 354 ወይም ሌላ ከሆነ ደግሞ ዋስትና የሚጠየቅበት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋስ የሚሆን ሰው ከመንዝ ይዘው ቢሄዱ መንገድ ያሳጥርልዎታል።