ፈረንጅና ፍራንክ የአንድ እናት ልጆች ናቸው

ጥያቄ፦ ቡና ለመግዛት ጅማ ለሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ሰሞኑን ሕርማታ ገበያ ውስጥ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ሲከተሉን እንግዳዬ የተሰደቡ መስሏቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ቃሉ «ፎሪነር» ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ እንጂ ስድብ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ስድብ አይደለም ማለትዎ ልክ ነው፤ አመጣጡን ግን ተሳስተዋል። «ፎሪነር»ን የቃሉ አባት የሚያደርገውን ወሬ ከተማሩ ሰዎች አፍ ጭምር ስለምሰማው፣ ጥያቄዎ እንደደረሰኝ ሌላ ሥራዬን አስቀምጬ ነው የምጽፍልዎ።

የዚህ ሐሳብ ጠበቆች የእንግሊዝኛው ጭራ ተቆርጦ «ን» ወደ «ጅ» ተለወጠ ይላሉ። አማርኛ እንዲህ አያውቅም። «ን» ወደ ላንቃ ሲጠጋ «ኝ» ይሆናል፤ ለመነ ብሎ ለማኝ። «ጅ» የሚወለደው ከ«ድ» ነው፤ ወደደ ብሎ ወዳጅ። በእነሱ መንገድ ብንሄድ ዛሬ የምንለው «ፈረኝ» በሆነ ነበር። ደግሞም ግዕዝ ቃሉን «አፍርንጅ» ብሎ ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ፣ እምነቱን ያመጡት ሰዎች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ቃል መዋስ የጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ያቺ የግዕዙ መነሻ «አ» መንገዱን ትጠቁመናለች። ስሙ የተነሣው ፍራንክ ከሚባለው ሕዝብ ነው። ዐረብኛ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ተጣብቀው ሲመጡ አይወድም፤ ስለዚህ ከፊት አናባቢ ጨምሮ «ኢፍረንጅ» አለው። በ1099 ኢየሩሳሌምን የያዙት የመስቀል ጦረኞች ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ ነበሩ፤ ዐረቦቹ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠሩ። ፋርሶች «ፈረንግ» አሉ፣ ሕንዶች «ፊራንጊ»፣ ታይላንዶች «ፋራንግ»። እኛም ከዐረቡ ወስደን «ፈረንጅ» አልን፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ «ፈረንጂ» አለ፤ ሕርማታ ውስጥ ሁለቱንም ይሰማሉ። «ፈረንሳይ» ከዚያው ሕዝብ ስም የመጣ እኅት ቃል እንጂ የፈረንጅ እናት አይደለም።

ሌላም እኅት አለች፤ ኪስዎን ቢዳብሱ ያገኟታል። ገንዘብን «ፍራንክ» ስንል የምንጠራው በ1360 የፈረንሳይ ንጉሥ ያስመታውን ሳንቲም ነው፤ በላዩ ላይ በላቲን «የፍራንኮች ንጉሥ» የሚል ጽሕፈት ነበረበት። ጅቡቲ እስከ ዛሬ በፍራንክ ትገበያያለች። ፈረንጁም ፍራንኩም ሕርማታ ላይ ሲገናኙ የጥንት ዘመዳሞች ተገናኙ ማለት ነው።

ስድብ ነው ለሚሉት እንግዳዎ እኛም በሌሎች አፍ ስም እንዳለን ይንገሯቸው። ሆኖም «ሐበሻ ማለት በዐረብኛ ድብልቅ ማለት ነው» የሚለውን እንዳይጨምሩበት አደራ። በ4ኛው መቶ ዘመን የቆመው የንጉሥ ኤዛና የድንጋይ ጽሕፈት፣ ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን በሚልበት ቦታ ግዕዙ «ሐበሠት» ይላል። ስሙ የነበረ፣ የቆየ የሕዝብ ስም ነው፤ የድብልቁ ትርጉም በኋላ የተለጠፈበት ነው። ሰው በስሙ ከተጠራ አልተሰደበም። ጅማ ራሷ ጅማ አባ ጅፋር የተባለችው በንጉሥ የፈረስ ስም ነው፤ ከጅማ አርጆና ከጅማ ራሬ የምትለየውም በዚያ ነው። በፈረስ ስም መጠራት ለጅሬን ቤተ መንግሥት ክብር ነበር።

የማልወደው የቃሉን መስፋት ነው። ለእኔ ፈረንጅ የአውሮፓ ሰው ነው፤ ከዚያም አሜሪካ ተሻግሮ የሰፈረው ዘሩ። የዛሬ ልጆች ግን ከሩቅ የመጣ ነገርን ሁሉ ፈረንጅ ይላሉ፤ ከምሥራቅ እስያ የመጣውን ሰው ብቻ ለይተው፣ ኮሪያዊም ይሁን ጃፓናዊ፣ «ቻይና!» ይሉታል። የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ዶሮ፣ የፈረንጅ ጥድ ከተባሉ ቆይተዋል፤ ጥዱ ከሜክሲኮ ወገን ቢሆንም ስሙን ከእንግዲህ የሚያስለቅቀው የለም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ «በፈረንጆቹ 2018» የሚባለው ነው። ያ አቆጣጠር ስም አለው፤ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ያወጁት ስለሆነ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ለዓመታት ተማሪዎቼን በቀይ እስክሪብቶ አርሜያቸዋለሁ። አሁን የሬዲዮ ዜና አንባቢውም፣ ጋዜጣውም፣ የገዛ ልጄም «በፈረንጆቹ» ይላሉ፤ የሚሰማ ሰውም ግር አይለውም። ተሸንፌያለሁ፤ የተማሪን ወረቀት በዚህ ምክንያት ማቅላት ትቻለሁ። እኔ ግን በራሴ ጽሕፈት ጎርጎርዮስን አልለቅም።

እንግዳዎ የየት አገር ሰው እንደሆኑ አልጻፉልኝም። ጀርመን ከሆኑ «እኔ ፈረንሳዊ አይደለሁም» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ፍራንኮች ግን መጀመሪያ የራይን ወንዝ ዳር ሰዎች ነበሩ፤ የአገራቸው ከተማ ፍራንክፈርትም ትርጓሜዋ «የፍራንኮች መሻገሪያ» ነው።