የገዛነው መሬት የሲአርፒ ውል አለበት፤ የመፈረም ግዴታ አለብን?

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር በሚኒሶታ ገጠር 76 ኤከር መሬት ገዛን። ከርክክቡ በኋላ ከካውንቲው የኤፍኤስኤ ቢሮ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የገበሬዎች አገልግሎት መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ደረሰን። መሬቱ የ10 ዓመት የሲአርፒ (የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም) ውል አለበት፤ 6 ዓመት ይቀረዋል፤ ክፍያው በኤከር 150 ዶላር ነው። እኛ ያሰብነው ከፊሉን አርሰን በቀረው ፍየል ልናረባ ነበር። ባንፈርም ምን ይመጣብናል? እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ፈርሙ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የመንግሥት ደንብ የለም። ነገር ግን “አንፈርምም” ከማለታችሁ በፊት የሽያጭ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ።

ሲአርፒ በ1985 በወጣው የእርሻ ሕግ የተጀመረ ፕሮግራም ነው። አፈሩ በቀላሉ የሚታጠብ መሬት ከእርሻ ወጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ይለብሳል፤ ባለቤቱም ከ10 እስከ 15 ዓመት በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል። መሬቱ ሲሸጥ ገዢው በሻጩ ቦታ የሚተካው ሲፈርም ነው። ለዚህም ደንቡ 60 ቀን ይሰጣል። ከርክክቡ ቀን ጀምራችሁ ብትቆጥሩ አትሳሳቱም።

ካልፈረማችሁ ውሉ ይፈርሳል፤ በደንቡ መሠረት ዕዳው የሻጩ ነው። የ4 ዓመቱን ክፍያ፣ ማለትም 45,600 ዶላር ከነወለዱ ይመልሳል፤ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ፣ 2,850 ዶላር ይጨምራል። ሻጩ ይህን ሁሉ ከፍሎ ዝም ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። በብዙ የሽያጭ ውሎች ውስጥ “ገዢው የሲአርፒውን ውል ይረከባል፤ ካልተረከበ ሻጩ ላይ የሚደርሰውን ኪሳራ ይክሳል” የሚል አንቀጽ ይገባል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ላይ ፈርማችሁ ከሆነ ያ ዕዳ ዞሮ እናንተው ላይ ይመጣል። ወገኖቻችን ደላላው በቃል የነገራቸውን አምነው፣ ይህችን አንቀጽ ሳያነቡ ሲፈርሙ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ውሉ ስለ ሲአርፒ ምንም ካላለ ግን የመደራደር አቅሙ የእናንተ ነው።

ብትፈርሙ በቀሩት 6 ዓመታት 68,400 ዶላር ታገኛላችሁ። ማረሱ ግን እስከዚያ ይቆያል። ፍየሎቹን በተመለከተ፣ ግጦሽ ጨርሶ የተከለከለ አይደለም፤ ቢሮው አስቀድሞ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት፣ አእዋፍ በሚፈለፍሉበት ወቅት በአብዛኛው አይቻልም፣ ብዙ ጊዜም የዓመቱ ክፍያ በ25 በመቶ ይቀነሳል። ሳይፈቀድ እንስሳ ማስገባት ግን ውል ማፍረስ ነው።

ግሪን ካርዱ አያሳስባችሁ፤ ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ ክፍያውን ከማግኘት አይከለከልም። ወንድምዎም የመሬቱ ባለድርሻ ስለሆነ አብሮ ይፈርማል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ከቢሮው ካርታውንና የጥበቃ ዕቅዱን ተቀብላችሁ መሬቱን በእግራችሁ ዙሩት። ከተተካችሁ በኋላ የውሉ ግዴታ ሁሉ የእናንተ ነው። ሻጩ ከፊሉን አርሶት ወይም ሣሩ ጠፍቶ ከሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ቢሮው የሚጎዳችሁ ውሳኔ ከሰጠም ይግባኝ የምትሉት ውሳኔው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ እንኳ አትጣሉ።